መኪናዋን ማን ሠራት?

ስለ መኪና መጀመሪያ ያወራኝ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ናይሮቢ ይሠራ ስለነበር ለበዓል ሲመጣ ከሻይ ቅጠሉና ከልብሱ ሥር የኬንያ ጋዜጣ ቁራጭ አይጠፋም። ቁራጮቹ የሳፋሪ ራሊ ፎቶዎች ናቸው፤ እስከ መስኮቷ ጭቃ የለበሰች መኪና፣ ወንዝ ስትሻገር ሞተሯ ውኃ እንዳይገባበት ከኮፈኗ በላይ የወጣ የአየር ቱቦ፣ ከብት ቢገባባት የሚከላከልላት የፊት ብረት፣ ከበላይዋ መንገዱን እየቃኘ የሚበር ሄሊኮፕተር። ጋሼ ፎቶዎቹን ምንጣፍ ላይ ደርድሮ እኔንና ታላቅ ወንድሜን «በሉ ምረጡ» ይለናል። ወንድሜ ሁልጊዜ የሚያነሳው ቶዮታ ሴሊካን ነው፤ ነጭ ላይ ቀይና አረንጓዴ የተቀባችውን። እኔ ሱባሩ ኢምፕሬዛን አነሳለሁ፤ ሰማያዊዋን፣ ቢጫ 555 የተጻፈባትን፣ ቸርኬዋ ወርቅ የመሰለውን።

ወንድሜ ማስረጃ ነበረው። ቶዮታ ሳፋሪን በ1984፣ በ1985 እና በ1986 በተከታታይ ወሰደ፤ በ1990 ስዊድናዊው ቢዮርን ዋልደጎርድ መለሰው፤ ከ1992 እስከ 1995 ደግሞ ሌላ ኩባንያ ድል የሚባል ነገር አላየም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእኔ ተራ የመጣው በ1997 ነው። ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬ በኢምፕሬዛ አሸነፈ፤ ሱባሩም በዚያው ዓመት የዓለም የራሊ የአምራቾች ዋንጫን ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ በላ። ጋሼ ያንን ፎቶ ሲያመጣልኝ ያቀፍኩት አስተቃቀፍ አሁንም ክንዴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ወንድሜ ግን አልተረታም። «ሱባሩ የት አለ? ሰፈራችን ውስጥ አንድ አሳየኝ» ይለኛል። ጎረቤታችን በር ላይ የምትቆመው ኮሮላ ዲኤክስ ቀኑን ሙሉ ትመሰክርለት ነበር። ቶዮታና ሱባሩ በእኛ ቤት አንድ ገበታ አይቀርቡም።

ዓመታት አልፈው ለትምህርት ጃፓን ስሄድ የደረሰኝ ቦታ ጉንማ ሆነ። ጉንማ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሜዳው አልቆ ተራራው የሚጀምርበት አገር ነው። ሜካኒካል ምሕንድስና የተማርኩት በሐር ሽመና በታወቀችው በኪርዩ ከተማ ነው። ክረምት ላይ ካራካዜ የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከተራራው ይወርዳል፤ ብስክሌት የሚነዳን ሰው ከነብስክሌቱ ገትሮ ያቆማል። ከኪርዩ በቶቡ ባቡር ትንሽ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ኦታ ትገኛለች። ኦታ የሱባሩ ከተማ ናት። ዋናው ፋብሪካ ያለበት ሰፈር ስሙ ራሱ ሱባሩ-ቾ ነው፤ አድራሻው ሱባሩ-ቾ 1-1። ይህን መጀመሪያ ካርታ ላይ ሳነብ ለወንድሜ ደወልኩለት።

ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ከዚያ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሠራተኛ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ በልቤ አባባ እላቸው ስለነበር እዚህም አባባ ልበላቸው። በወጣትነታቸው የገቡት ሱባሩ 1000 የምትባለው መኪና መሠራት በጀመረችበት ጊዜ፣ በ1966 ግድም ነው። ብዙ አይናገሩም። ከየት እንደመጣሁ ጠይቀው ኢትዮጵያ ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና «ሳፋሪ አጠገብ?» አሉኝ። ከኬንያ ጋር እንደምንዋሰን ስነግራቸው ተነሡ፤ ከጓዳ ያወጡት ሣጥን ውስጥ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ያደለው የራሊ ፖስተር ነበር። ያቺው ሰማያዊ መኪና፣ ያው ቢጫ ቁጥር። አዲስ አበባ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ ያየኋትን መኪና፣ ብሎኗን ያጠበቀ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ እንደገና አየኋት። ከዚያ ምሽት ጀምሮ የእሑድ ሻይ ከእርሳቸው ጋር ሆነ።

አባባ ስለ ሱባሩ ሲያወሩ የሚጀምሩት ከመኪና አይደለም፤ ከአውሮፕላን ነው። ኦታ ላይ ቺኩሄይ ናካጂማ የሚባሉ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን በ1917 የአውሮፕላን ሥራ ጀመሩ። ናካጂማ ከጃፓን ታላላቅ የጦር አውሮፕላን ሠሪዎች አንዱ ሆነ፤ ዜሮ የሚባለው አውሮፕላን የሚበርበት ሳካዬ ሞተርም የእርሱ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ አውሮፕላን መሥራት ተከለከለ፤ ድርጅቱም ተበታተነ። ፋብሪካዎቹ ስኩተርና የአውቶቡስ አካል እየሠሩ ቆይተው አምስቱ በ1953 ፉጂ ሄቪ ኢንዱስትሪስ በሚል ስም መልሰው ተጠቃለሉ። በሱባሩ ዓርማ ላይ ያሉት አምስት ትንንሽ ኮከቦች እነዚያ አምስቱ ናቸው፤ ትልቁ ኮከብ ደግሞ ከአምስቱ የተወለደው ነው። ሺንሮኩ ሞሞሴ የሚባሉት መሐንዲስ ከናካጂማ አውሮፕላን መጥተው በ1958 ሱባሩ 360ን፣ በ1966 ደግሞ ሱባሩ 1000ን ሠሩ። በዚህችኛዋ ነው የሱባሩ ባለአራት ሲሊንደር ቦክሰር ሞተር የተጀመረው። ፒስተኖቹ እንደ ሌላው ሞተር ቆመው አይወጡም አይወርዱም፤ ግራና ቀኝ ተጋድመው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። አንዱ የሚፈጥረውን ንዝረት ተቃራኒው ይሽረዋል፤ ሞተሩም ዝቅ ብሎ ስለሚተኛ የመኪናው ክብደት ወደ መሬት ይጠጋል። አባባ ይህን የሚያስረዱኝ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ትይዩ አድርገው ወደ ጎን እየዘረጉና እየሰበሰቡ ነው። በየክፍሉ ካየሁት ሥዕል ሁሉ የእርሳቸው እጅ ይበልጥ ገብቶኛል።

በዚያው ዘመን ጃፓንኛዬን ለማሻሻል የላቦራቶሪ ጓደኞቼ የሥዕል ልብወለድ ሰጡኝ። «ኢኒሻል ዲ» ይባላል፤ ሹይቺ ሺጌኖ በ1995 የጀመረው ነው። ታሪኩ የሚሆነው እዚያው ጉንማ ውስጥ ነው። ታኩሚ ፉጂዋራ የሚባል ልጅ ጎህ ሳይቀድ የአባቱን ቶፉ በአሮጌ ቶዮታ ተራራ ላይ ወዳለው ሆቴል ያደርሳል፤ ሲመለስ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት እንዴት እንደሚነዳ ራሱ ሳያውቀው ከማንም የበለጠ ነጂ ሆኗል። ታሪኩ አኪና የሚለው ተራራ እውነተኛ ስሙ ሃሩና ነው፤ አካጊ የሚባለው ተራራ ደግሞ ከመስኮቴ ይታየኝ ነበር። መኪናዋ ስፕሪንተር ትሩዌኖ ናት፤ በፋብሪካ ስሟ ኤኢ86። ጃፓኖች ሃቺ-ሮኩ፣ ስምንት-ስድስት ይሏታል። በ1983 ወጣች። ኮሮላ በሙሉ ወደ ፊት ጎማ ነጂነት ሲዞር እርሷና እህቷ ሌቪን ብቻ በኋላ ጎማ መነዳታቸውን አልተዉም፤ ቀላልና ርካሽ ስለነበሩም ደመወዛቸው ትንሽ የሆነ ወጣቶች ተራራ ላይ ጎማ እያንሸራተቱ የተማሩት በእነርሱ ነው። ኬይቺ ሱቺያ የሚባለው ታዋቂ ተወዳዳሪ ስሙን ያወጣው በዚህች መኪና ነው። ወንድሜ ይህን ስነግረው ደስታውን አልቻለውም፤ የጎረቤታችን ኮሮላ ዘመድ ጀግና ሆናለቻ።

ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ለእኔም ድርሻዬ ተቀምጦልኝ ነበር። የታኩሚ አባት ቡንታ፣ ሃቺ-ሮኩዋን በልጃቸው እጅ ትተው ለራሳቸው ሌላ መኪና ይገዛሉ። የገዙት ሱባሩ ኢምፕሬዛ ነው።

ሁለቱ ኩባንያዎች በእውነት የተገናኙት በገንዘብ በኩል ነው። በ2005 ጀነራል ሞተርስ የነበረውን የፉጂ ሄቪ ድርሻ ሲሸጥ ቶዮታ 8.7 በመቶ ገዛ፤ በ2008 ደግሞ ወደ 16.5 በመቶ አሳደገው። ቶዮታ በዚያ ጊዜ በሽያጭ ከዓለም ታላላቆች ተርታ ነበር፤ ነገር ግን ስፖርት መኪና አልነበረውም። ሱፕራ በ2002፣ ሴሊካ በ2006፣ ኤምአር-ኤስ በ2007 ተራ በተራ ቆሙ። የወንድሜ ሴሊካ የለችም ማለት ነው። በ2007 እስከዚያ የቤተሰብ መኪኖች ይመራ የነበረው ቴትሱያ ታዳ ተጠርቶ ስፖርት መኪና ሥራ ተባለ። የታዳ ሐሳብ ለወጣት ኪስ የሚሆን፣ ቀላል፣ በኋላ ጎማ የሚነዳ፣ ተርቦ የሌለው መኪና ነበር። ሞተሩ ደግሞ የሱባሩ ቦክሰር፤ ምክንያቱም ከዚያ ዝቅ ብሎ የሚተኛ ሞተር የለም።

የሱባሩ መሐንዲሶች ይህን መጀመሪያ በደስታ አልተቀበሉትም። አይፈረድባቸውም። ስማቸውን ያስጠራው በአራቱም ጎማ መነዳትና ተርቦ ነው፤ ሳፋሪን የበሉት በዚያ ነው። አሁን ሁለቱንም ትታችሁ ኑ ተባሉ። አባባ በዚያ ሰሞን የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ቤት ሲመጡ የሚያወሩትን እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። «የቶዮታ ሰዎች ስፖርት መኪና የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ይመስላቸዋል» አሉኝ አንድ እሑድ።

እኔ ግን በትውልድ አገሬ ያየሁት ነገር ትዝ ይለኝ ነበር። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ ያርሳሉ፤ በሬዎቹ አንድ ቀንበር ይገባሉ፣ ዛሬ የአንዱ ማሳ ነገ የሌላው ይታረሳል። የአያቴ አገር ሰው እህሉ ሲደርስ ማን በሬ እንዳቀናጀው አይረሳም፤ በሬውንም በስሙ ይጠራዋል። ቶዮታ ሐሳቡ፣ ገንዘቡና የሽያጭ መረቡ ነበረው፤ ዝቅ ብሎ የሚተኛ ሞተርና የሚሠራው እጅ ግን ኦታ ነበር። በይፋ የተነገረው የሥራ ክፍፍልም ይኸው ነው፤ ዕቅዱና ንድፉ የቶዮታ፣ መሐንዲስነቱና ምርቱ የሱባሩ።

ቀንበሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ሁለቱም ጎተቱ። ሞተሩ 1,998 ሲሲ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞም 86 ሚሊ ሜትር። ግቡ ያለ ተርቦ ከአንድ ሊትር 100 የፈረስ ጉልበት ማውጣት ነበር። ለዚህም ቶዮታ ዲ-4ኤስ የሚባለውን የነዳጅ አረጫጨት ይዞ መጣ፤ ቤንዚኑ እንደ ፍጥነቱና እንደ ጭነቱ አንዴ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ከቫልቩ በፊት በመግቢያው ቱቦ ይረጫል። ውጤቱ በ7,000 ዙር 200 የፈረስ ጉልበት ሆነ። የመኪናዋ ክብደት 1,200 ኪሎ ግራም ገደማ፤ የክብደቷ ማዕከል ከመሬት 460 ሚሊ ሜትር ብቻ። ለመሐንዲስ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ከሁሉም ይበልጣል፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ ለምን እንደማትዘም የሚናገረው እርሱ ነው።

የመጀመሪያው ሞዴል በ2009 ቶኪዮ የመኪና ትርኢት ላይ የቀረበው በቶዮታ መድረክ፣ በቶዮታ ስም ነው፤ ኤፍቲ-86 ተብሎ። መድረኩ ላይ የነበሩት አኪዮ ቶዮዳ፣ ራሳቸው ውድድር የሚነዱት አለቃ፣ ያቺን መኪና እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩአት። ትርኢቱን ከአባባ ጋር በቴሌቪዥን አየነው። ሱባሩ የሚለው ስም እስኪጠራ ጠበቁ። ከዚያ ተነሥተው ሻይ አፈሉ።

በ2012 ጸደይ ሁለቱ መኪኖች ለገበያ ቀረቡ፤ ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢአርዜድ። አሜሪካ ውስጥ የቶዮታዋ ሳዮን ኤፍአር-ኤስ በሚል ስም ወጣች። መጀመሪያ በዓይኔ ያየኋቸው ኦታ ሄጄ ከፋብሪካው በር ሲወጡ ነው። መኪና በሚያመላልስ ረጅም ካሚዮን ላይ ተጭነው፣ ቀይ 86 ከላይ፣ ሰማያዊ ቢአርዜድ ከታች፣ መብራታቸውና የፊት መከላከያቸው ብቻ ተለይቶ። የእግረኛው መንገድ ላይ ቆሜ ካሚዮኑ ታጥፎ እስኪሄድ ተመለከትኩ። የልጅነት ምርጫዎቻችን፣ የወንድሜና የእኔ፣ ከአንድ በር ወጡ።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ ክርክሩ የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። አንዱ ጓደኛችን የአይቺ ልጅ ነበር፤ ቶዮታ ከተማ ያለችበት ክፍለ ሀገር። እርሱ «ሱባሩ የሠራው በትእዛዝ ነው፤ የታዘዘ ሰው የራሴ ሥራ ነው አይልም» ይላል። ሌላው የኦታ ልጅ፣ እናቱ እዚያው ፋብሪካ የምትሠራ፣ «ሞተሩ የእኛ፣ ሻንሲው የእኛ፣ ፋብሪካው የእኛ፤ የእናንተ የሆነው ዓርማው ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ያጋንናሉ እንጂ አይዋሹም። አንድ የመኪና መሸጫ ስሄድ ደግሞ ሻጩ መኪናዋ ሱባሩ እንደሌለባት ሁሉ ስለ ቶዮታ የስፖርት ታሪክ ብቻ ሲያወራልኝ ዋለ፤ ስፖርትስ 800፣ 2000ጂቲ፣ ሃቺ-ሮኩ፣ ከዚያ 86። ቶዮታ ራሱ የሚጠቅሰው የዘር ሐረግም ይኸው ነው። እኔም ሐረጉን አንድ በአንድ ልፈትሸው ወሰንኩ፤ ለእረፍት ወደ ናጎያ ስሄድ ናጋኩቴ ያለውን የቶዮታ የመኪና ሙዚየም ገባሁ።

2000ጂቲን ያየ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ነጭ ናት፣ ረጅም አፍንጫ ያላት፣ ጣሪያዋ በጣም ዝቅ ያለ። በ1965 ቶኪዮ ላይ ታየች፤ ከ1967 እስከ 1970 የተሠሩት ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። በ1966 ያታቤ በሚባል የሙከራ ሜዳ ለ78 ሰዓት ያለማቋረጥ ተነድታ 3 የዓለምና 13 ዓለም አቀፍ ክብረ ወሰን ሰብራለች። ጃፓን እንዲህ ያለ መኪና መሥራት እንደምትችል ለዓለም ያሳየችው እርሷ ናት። ታዲያ የት ተሠራች? ያማሃ ዘንድ ነው። ሞተር ብስክሌትና ፒያኖ የሚሠራው ያማሃ። ከዚያ በፊት ያማሃ ከኒሳን ጋር ስፖርት መኪና ጀምሮ ነበር፤ ያ በ1964 ተቋረጠ፤ ከዚያ ወደ ቶዮታ ዞረ። የቶዮታ ቡድን በጂሮ ካዋኖ መሪነት፣ የውጭ መልኩን በሳቶሩ ኖዛኪ እጅ አወጣ፤ ባለሁለት ካም ቴስታታውን፣ ዝርዝር ሥራውንና ምርቱን ያማሃ ያዘ። የውስጥ እንጨቷን፣ መሪዋንና የፊት ሰሌዳዋን ሳይቀር፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠሩት የያማሃ አናጢዎች ናቸው ያበጁት። ኢዋታ የሚገኘው የያማሃ ሙዚየም ይህችኑ መኪና ከራሱ ሥራዎች ጋር ያቆማታል፤ ልክ ነው። ስለ እርሷ የሚነገረው ግን ለብዙ ዓመታት ተዛብቶ ኖሯል። ጭራሽ ንድፉ የጀርመን ተወላጁ የአልብሬክት ጎርትዝ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ሰውየው የኒሳኑ ሥራ ላይ ስለነበሩ ብቻ ነው ስማቸው የተጎተተው።

ሃቺ-ሮኩም እንዲሁ ናት። 1.6 ሊትር ሞተሯ፣ 4ኤ-ጂኢ የሚባለው፣ ቴስታታው ላይ የያማሃ እጅ አለበት።

በጣም የገረመኝ ግን ስፖርትስ 800 ናት። ትንሽ ናት፤ 580 ኪሎ ግራም ብቻ፣ አጠገቧ የቆመ ረጅም ሰው ጣሪያዋን ከላይ ያየዋል። በ1965 ወጣች። ኮፈኗ ሥር ያለው ሞተር 790 ሲሲ፣ 45 የፈረስ ጉልበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው ቦክሰር ነው! ያ ሞተር ደግሞ በ1961 ከወጣችው ከቶዮታ ፐብሊካ የመጣ ነው። ቶዮታ ቦክሰር ሞተር ሠርቶ ሲሸጥ ሱባሩ 1000 ገና አልተወለደችም ማለት ነው። የእነዚያ መኪኖች መሪ መሐንዲስ ታትሱዎ ሃሴጋዋ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ታቺካዋ በሚባል ድርጅት የአውሮፕላን ንድፍ ሠሪ የነበሩ ናቸው፤ የመጀመሪያዋን ኮሮላ የመሩትም እርሳቸው ናቸው። ሞሞሴ ከናካጂማ፣ ሃሴጋዋ ከታቺካዋ፤ ሁለቱም አውሮፕላን ሲከለከል ክብደት የመቀነስ ጥበባቸውን ወደ መኪና ያመጡ ሰዎች። ሁለቱን ኩባንያዎች እንደ ባላንጣ ቆጥሬ ላደግሁት ለእኔ ይህ ትልቅ ግኝት ነበር። ለአባባ ስነግራቸው ስለ ሃሴጋዋ ያውቁ ኖሯል። «ጥሩ ሰው ነበሩ» ብቻ አሉኝ፤ እርሳቸው ስለ መሐንዲስ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የላቸውም።

በዚያ ዓመት መጸው ላይ የኦታው ልጅ ቢአርዜድ ገዛ፤ የአይቺው ልጅ የዘመዱን 86 ተውሶ መጣ። ቅጠሉ ቀልቶ ሳለ ከኢካሆ ፍል ውኃ ተነሥተን ወደ ሃሩና ሐይቅ ወጣን። አባባንም ይዘናቸው ነበር፤ እምቢ ቢሉም አልለቀቅናቸውም። መኪኖቹ መንታ ቢመስሉም አንድ አይደሉም። ሱባሩ የፊት ሞላውን ጠንከር አድርጎታል፤ ቢአርዜድ መስመሯን ይዛ ትሄዳለች፣ ነጂዋን አታስደነግጥም። ቶዮታ የፊቱን ለስለስ፣ የኋላውን ጠበቅ አድርጎ ጀርባዋ በቀላሉ እንዲዞር ፈቅዶላታል። ጎማዋ ቀጭን ነው፤ 215 ሚሊ ሜትር፣ ነዳጅ ቆጣቢ በምትባለዋ ፕሪየስ ላይም የሚገጠም ዓይነት። ታዳ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ መኪናዋ በቀስታ እየተነዳችም እንድትንሸራተት፣ ወጣቱ ሳይሞት እንዲማር። መሪውን ስይዝ የመሬቱ ነገር ሁሉ እጄ ላይ ይደርሳል። ማርሹ አጭር ነው፣ ይገጥማል። ጉልበቷ ያስደነግጣል አልልም፤ ኩርባው ውስጥ ግን የምታደርገውን አስቀድማ ትነግርሃለች። ይህን ያህል የምትናገር መኪና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልነዳሁም።

ላይ ስንደርስ አባባ ወርደው የ86ቷን ኮፈን አስከፈቱ። ሞተሩ ላይ፣ የአየር ማስገቢያው ሽፋን ላይ፣ ሁለት ስም ተቀርጿል፤ በአንድ በኩል ቶዮታ ዲ-4ኤስ፣ በሌላው በኩል ሱባሩ ቦክሰር። የቶዮታ ዓርማ ያላት መኪና ናት፤ ግን የሱባሩ ስም ሊፋቅ አልቻለም። አባባ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። የአይቺው ልጅ ቀረብ ብሎ በአክብሮት አጎነበሰና «ደክማችሁበታል» አላቸው፤ ጃፓን ውስጥ ሥራ ለጨረሰ ሰው የሚባለውን። እርሳቸውም «እናንተም» አሉት። ክርክሩ በዚያ ቀን በመካከላችን አለቀ።

በኋላ ታዳ ያንኑ መንገድ ከባዕድ ጋር ሄደበት። አዲሷ ሱፕራ በ2019 ስትወጣ ሻንሲዋና ባለስድስት ሲሊንደር ሞተሯ ከቢኤምደብሊው ዜድ4 ጋር የጋራ ነው፤ የተሠራችውም ኦስትሪያ፣ ግራትስ ውስጥ፣ ማግና ሽታየር ዘንድ ነው። ብዙ ሰው «ይህች ቶዮታ አይደለችም» ብሎ ተቆጣ። እኔ አልተቆጣሁም። 2000ጂቲ ከያማሃ ጎተራ ወጥታ ቶዮታ ከሆነች፣ ይህችም ትሆናለች። የምቆጣው ግራትስ ሲዘለል ነው።

86 እና ቢአርዜድ ሁለተኛ ትውልዳቸው በ2021 መጣ፤ ሞተሩ 2.4 ሊትር ሆነ፣ በጃፓን 235 የፈረስ ጉልበት። በመሀሉ ፉጂ ሄቪ በ2017 ስሙን ሱባሩ ኮርፖሬሽን ብሎ ለወጠ፤ ቶዮታም በኋላ ድርሻውን 20 በመቶ አደረሰው። አባባ አዲሶቹን ሳያዩ አረፉ። የኦታው ልጅ አሁን እዚያው ፋብሪካ መሐንዲስ ነው፤ የአይቺው ልጅም ቶዮታ ገባ፣ ሁለቱ በሥራ ይገናኛሉ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ያለ ታዳና ያለ ቶዮታ ይህች መኪና አትታሰብም፤ ሱባሩ ብቻውን ቢሆን ተርቦውንና በአራቱም ጎማ መነዳቱን አይተውም ነበር። ያለ ኦታ ግን አትሠራም። የሐሳቡ ባለቤት ዓርማውን ከለጠፈ፣ የሠሪው ስም ከአጠገቡ ይነበብ። ስለዚህች መኪና የምትጽፉ፣ የምትሸጡ፣ ወይም ለልጆቻችሁ የምታወሩ ካላችሁ፣ አደራ፣ ኦታን አትዝለሉ። 86ም ሆነች ቢአርዜድ፣ የመጀመሪያዎቹም ሆኑ አዲሶቹ፣ የተሠሩት ሱባሩ-ቾ 1-1 ነው።